የማንኩሳ ልጅና ማዕበል

ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ፥ የዓባይን በረሃ ወርዳችሁና ወጥታችሁ፥ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፋችሁ ወደ ባሕር ዳር የተጓዛችሁ እንደ ሆነ፥ 387 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዳችሁ በኋላ ፍኖተ ሰላም ትደርሳላችሁ። ስሟ በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ቡሬ ስታመሩ በመካከል የአውቶቡሱ ረዳት «ማንኩሳ ወራጅ አለ?» ብሎ ይጮኻል። አንድ ሁለት ሰው ዕቃውን አንጠልጥሎ ይወርዳል፤ መኪናው ይነሣል፤ ማንኩሳም ወዲያው ከኋላ ትቀራለች። ከተሳፋሪዎቹ መካከል «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ካለ ግን ስሙን ሲሰማ ቀና ብሎ በመስኮት መመልከቱ አይቀርም። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ማንኩሳን በእግሩ ረግጦ የማያውቅ ሁሉ የበዛብህ አገር እያለ ያውቃታልና።

እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ። ዛሬ ላጫውታችሁ የተነሣሁት ግን ስለ በዛብህ ሳይሆን ስለ ማዕበል ነው። «ከማንኩሳ እስከ ባሕር ስንት አገር አለ! ማዕበሉን ከየት አመጣኸው?» ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የባሕር በር የላትም፤ እኔም ውቅያኖስን በዐይኔ አይቼ አላውቅም። ቢሆንም በደረት ተኝቶ በውኃ ጀርባ ላይ መጋለብን የሚያህል ደስታ እንደሌለ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ዐውቃለሁ። ይህንንም ያወቅሁት ከመንደራችን በታች ባለች፥ በካርታ ላይ ስሟ በማይገኝ አንዲት ትንሽ ወንዝ ውስጥ ነው።

የምዕራብ ጎጃም ምድር ውኃ የጠገበ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፥ በመንገዱ ግራና ቀኝ በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ፥ በርበሬው ቀልቶ፥ ጤፉ በነፋስ እየተኛና እየተነሣ ታዩታላችሁ። ከዚያ ሁሉ ልምላሜ በታች ወንዞቹ አሉ። ላህ አለ፤ ብር አለ፤ ተምጫ አለ፤ በቡሬ በኩል ፈጣም አለ። ሁሉም ዞረው ዞረው ውኃቸውን ለዓባይ ያስረክባሉ። በዚህ ሁሉ ወንዝ መካከል የሚኖር ሰው ዋና ዐዋቂ ይመስላችሁ ይሆናል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ይባላል፤ እኔ ደግሞ የዓባይን ልጅ ውኃ አስፈራው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም። አብዛኛው ሰው ወንዙን የሚያውቀው ከብት ለማጠጣት፥ ልብስ ለማጠብና በመልካው ለመሻገር ብቻ ነው። እኛም ልጆች ሳለን «በቀትር ወደ ወንዝ አትውረዱ፤ ጋኔን አለ» እየተባልን ነው ያደግነው።

ፍርሃቱ ግን ከባዶ የመጣ አይደለም። እናቴ አንድ ታናሽ ወንድም ነበራት። በነሐሴ ወር ከገበያ ሲመለስ ብር ሞልቶ አገኘው። ባልንጀሮቹ «እስኪጎድል እንቆይ» ቢሉት፥ ጊዜው መሽቷል፥ ቤት የሚጠብቁኝ አሉ ብሎ ገባ። ሬሳው የተገኘው በሦስተኛው ቀን ነው። ይህ የሆነው እኔ ሳልወለድ ነው። እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ የወንዙን ስም ጠርታ አታውቅም፤ «ያ ውኃ» ነው የምትለው።

እንግዲህ እኔ የዚህች እናት ልጅ ሆኜ ነው ውኃ የወደድሁት።

በስምንት ዓመቴ እረኛ ነበርሁ። በወንዛችን አንድ ስፍራ ላይ ውኃው በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እየተንሸራተተ መጥቶ ወደ ጥልቁ ሲገባ እንደ በሬ ሻኛ ሽቅብ ይነሣል። ውኃው ይሄዳል፤ ጉብታው ግን እዚያው ይቆማል። ትልልቆቹ እረኞች የባዶ ጀሪካን ክዳን አጥብቀው፥ ጀሪካኑን ከደረታቸው ሥር አድርገው፥ ከድንጋዩ ላይ ራሳቸውን ይለቁ ነበር። ጉብታው ላይ ሲደርሱ ከፍ ይላሉ፤ ወዲያው ቁልቁል ይወረወሩና ጥልቁን አቋርጠው አሸዋው ላይ ይጣላሉ። ከዚያ እየጮኹ ተመልሰው ይሮጣሉ።

በጥቅምት ወር አንድ ቀን ተራው ደረሰኝ። ዋና አላውቅም ነበር። ጀሪካኑን አቅፌ ዐይኔን ጨፍኜ ራሴን ለቀቅሁ። ድንጋዩ ከሆዴ ሥር ሲጠፋ ተሰማኝ፤ ቀጥሎ ውኃው ከታች መጥቶ አነሣኝ። ዐይኔን ብገልጥ ከሁሉ በላይ ነኝ፤ ዛፉም፥ ከብቱም፥ ባልንጀሮቼም ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ከራስ ጸጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ክብደት የሚባል ነገር አልነበረኝም። ይህ ሁሉ ሦስት ጊዜ እስክትተነፍሱ ድረስ ያህል ቢቆይ ነው። አሸዋው ላይ ስወድቅ ጉልበቴ ተልጦ ነበር፤ እኔ ግን ተነሥቼ ወደ ድንጋዩ ሮጥሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ የምሮጠው ወደዚያው ነው ማለት ይቻላል።

የገጠር እናት ግን አትታለልም። ማታ ቤት ስገባ ጸጉሬ ደርቋል፤ ልብሴም ደርቋል። እናቴ ምንም ሳትናገር ክንዴን ያዘችና በጥፍሯ ጫር አደረገችው። ወንዝ ውስጥ የዋለ ቆዳ ሲጫር ነጭ መስመር ያወጣል። መስመሩን አይታ ዱላ ታነሣለች ብዬ ስጠብቅ፥ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ዱላውን በመረጥሁ።

ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፥ ለቅሶዋም ቢሆን አልመለሰኝም። ደጋግማ ከያዘችኝ በኋላ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ አንድ ጎረቤታችን ወሰደችኝ። እኒህ ሰው በወጣትነታቸው በቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ውስጥ በምጽዋ ያገለገሉ፥ ቃላቸው የሚከበር አዛውንት ነበሩ።

«ጋሼ፥ ይህን ልጅ ይገሥጹልኝ። ወንድሜን የበላው ውኃ እሱንም ሊበላብኝ ነው» አለቻቸው።

ጋሼ ትኩር ብለው አዩኝና «አንተ ልጅ፥ ውኃ ውስጥ ምን ትሠራለህ?» አሉ።

«እጋልባለሁ» አልሁ።

ሳቅ አመለጣቸው፤ የእናቴን ፊት ሲያዩ ግን ወዲያው ዝም አሉ። ቀጥለውም በቀስታ እንዲህ አሏት፦ «እታለም፥ ይህን ልጅ ዱላ አይመልሰውም። በአራቱም ማዕዘን ወንዝ ነው፤ ከውኃ አርቄ አሳድገዋለሁ ብትዪ አገር ልትለውጪ ነው። ካልሆነ ግን ስጭኝና ላስተምረው።»

እናቴ መልስ ሳትሰጥ ወጣች። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ተመልሳ ሄዳ «እሑድ እሑድ ብቻ፤ እርስዎ ባሉበት ብቻ፤ ወደዚያ ውኃ ደግሞ ፈጽሞ» አለቻቸው። እኔ ያንን ቀን ከልደቴ ቀን ለይቼ አላየውም።

ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ጀሪካኔን መቀማት ነው። «ይህ ጓደኛ ነው፤ ጓደኛ ደግሞ መሐል መንገድ ላይ ትቶህ ይሄዳል» አሉኝ። ሁለት ወር ሙሉ ያለ ምንም ነገር በጀርባዬ መንሳፈፍን፥ ትንፋሽ ይዞ መጥለቅንና በረጅሙ መተንፈስን አስተማሩኝ። የያዘውን ትንፋሽ ካልጨረሰና ካልተወራጨ በቀር የሰው አካል በውኃ ላይ መንሳፈፍ እንደሚችል ያወቅሁት በዚያን ጊዜ ነው። ቀጥለው ስለ ፈሳሽ ውኃ ነገሩኝ፦ ወንዝ ሲወስድህ ሽቅብ አትታገል፤ በጀርባህ ተኝተህ እግርህን ወደሚፈስበት አስቀድም፤ ድንጋይ ቢመጣ እግርህ ይቀበለው፤ ከዚያም ውኃውን በአግድም እየቆረጥህ ወደ ዳር ውጣ። በመጨረሻ ጀሪካኑን መለሱልኝ። ያን ጊዜ ጉብታው ያው ጉብታ ነበር፤ እኔ ግን ሌላ ሰው ነበርሁ። ቀድሞ ውኃው ወደ ፈለገበት ይጥለኝ ነበር፤ አሁን ትከሻዬን ዝቅ በማድረግ ብቻ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እታጠፍ ጀመር።

እያረፍን ሳለ ጋሼ ብዙ ነገር ያጫውቱኝ ነበር። የባሕር ውኃ ጨው ስላለበት ከወንዝ ውኃ ይልቅ ሰውን እንደሚያነሣ፥ ማዕበሉም ከሩቅ ተሰልፎ እንደሚመጣ ይነግሩኝ ነበር። ስለ ቀድሞ የጎጃም ነጋዴዎችም ይነግሩኛል። ዛሬ ከቡሬ ወደ ነቀምቴ የሚሄድ መኪና ዓባይን በድልድይ ይሻገራል፤ ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ግን ነጋዴው ወንዙ ከጎደለ በኋላ የተነፋ ስልቻ በደረቱ ይዞ፥ ዕቃውን በቆዳ ጠቅልሎ፥ በዋናተኛ እየተረዳ ነበር የሚሻገረው። አዞውን ለማስፈራራት ሌሎች ከዳር ሆነው ይጮኻሉ፤ ድንጋይም ይወረውራሉ። ስለዚህ የእኛ ጀሪካን የቀድሞው ስልቻ ልጅ ነው።

ከዓመታት በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ባሕር ዳር ስገባ ጣናን አየሁ። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ያን ውኃ ከዳር ቆሞ ያየ የማንኩሳ ልጅ «ባሕር» ብሎ ቢጠራው አይፈረድበትም። ጠዋት እንደ መስተዋት ተኝቶ ይውልና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ነጭ አረፋ የደፋ ማዕበል ወደ ዳር ይነዳል። አንድ ቀን ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ አንድ አባት ውኃ ጠግቦ የተጣለ አሮጌ ታንኳ ቁራጭ እንዲሰጡኝ ለመንኋቸው። «ሰው ታንኳ የሚፈልገው ላለመርጠብ ነው፤ አንተ ለመርጠብ ትለምነኛለህ?» ብለው እየሳቁ ሰጡኝ። ወገቤ ድረስ ገባሁ፤ የደንገሉን እስር ደረቴ ሥር አድርጌ ጠበቅሁ፤ ማዕበሉ ከኋላዬ ሲደርስ በእግሬ ረገጥሁ። አነሣኝ፤ ወደ ዳርም ወሰደኝ። ማዕበሉ ከጉልበት በላይ የሚያልፍ አልነበረም፤ ደስታው ግን ያው የስምንት ዓመቱ ደስታ ነበር።

ልዩነቱን ያስተዋልሁት እዚያ ነው። የወንዝ ጉብታ ቆሞ ውኃው ይሄዳል፤ የሐይቅና የባሕር ማዕበል ግን ይሄዳል፥ ውኃው እዚያው ይቀራል። በማዕበል ላይ የወደቀ ቅጠል ከፍና ዝቅ እያለ ክብ ይዞራል እንጂ ከማዕበሉ ጋር ሩቅ አይጓዝም። ማዕበሉ ወደ ዳር ሲጠጋና ጥልቀቱ ሲያንስ የፊቱ ይዘገያል፤ የኋላው ይደርስበታል፤ ስለዚህ ቁመቱ ይጨምራል። የውኃው ጥልቀት ከማዕበሉ ቁመት በጥቂት ብቻ ሲበልጥ ራሱ መቆም ያቅተውና ይደረመሳል። በደረቱ የሚጋልብ ሰው የሚፈልገው ማዕበሉ ሊደረመስ ሲል ያለውን ያንን ቁልቁለት ነው። ይህን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ በሆዴ ካነበብሁት በኋላ ግን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ሰሌዳ ብዙም አያስፈልገኝም።

ይህን ጨዋታ የሚወድ እኔ ብቻ እንዳልሆንሁም ከመጻሕፍት ተረዳሁ። በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ባሉት የሃዋይ ደሴቶች ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ፓይፖ በሚባል አጭር ሳንቃ ላይ በደረታቸው ተኝተው ማዕበል ይጋልቡ ነበር። ከካፒቴን ኩክ ጋር የተጓዘው መኮንን ጄምስ ኪንግ የሃዋይ ሰዎች በሳንቃ ማዕበል ሲጋልቡ አይቶ በ1779 እ.ኤ.አ. ተደንቆ ጽፎአል። ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተኝ ግን የራሳችን አህጉር ታሪክ ነው። በ1834 እ.ኤ.አ. ጄምስ አሌክሳንደር የሚባል ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ዛሬ የጋና ዋና ከተማ በሆነችው በአክራ ልጆች ቀላል ሳንቃ ከሆዳቸው ሥር አድርገው ወደ ባሕር ሲገቡና ማዕበል ጠብቀው ሲመለሱ አይቶ መዝግቦአል። ዛሬ በዓለም ሁሉ የተሠራጨውን ለስላሳ ሰሌዳ ደግሞ ቶም ሞሪ የሚባል አሜሪካዊ በሐምሌ ወር 1971 እ.ኤ.አ. በሃዋይ ሠራው። እንደ ስፖንጅ የቀለለ ፕላስቲክ በኤሌክትሪክ ቢላዋ ቆርጦ፥ ጋዜጣ ከላይ አልብሶ፥ በልብስ ካውያ ተኩሶ ቅርጽ አስያዘው። ታሪኩን ሳነብ የእኛ እረኞች ትዝ አሉኝ። ሰው ማዕበል ከወደደ ከቤቱ ዕቃ መካከል አንድ ነገር አያጣም።

«ታዲያ ይህ ጨዋታ ለእኛ ምን ይበጀናል?» የምትሉ አትጠፉም። መልሴ አጭር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች በዓለም ላይ ሰጥመው ሞተዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ሕፃናትና ወጣቶች ናቸው። እኛም ከቀድሞው ይልቅ የውኃ ጎረቤቶች ሆነናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ምክንያት ንጋት የተባለ፥ ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ሐይቅ በዓባይ ላይ ተፈጥሮአል። ሐይቅ ያለው ሕዝብ ዋና ካላወቀ፥ ባለ መኪና ሆኖ መንዳት እንደማያውቅ ሰው ነው።

ስለዚህ አሁን በማስተምርበት አካባቢ፥ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፥ ወንዙ ጎድሎና ጠርቶ ሳለ፥ ወላጆቻቸው የፈቀዱላቸውን ጥቂት ተማሪዎች እሑድ እሑድ ይዤ እወርዳለሁ። መጀመሪያ ፈቃድ የሰጡኝ ሦስት ወላጆች ብቻ ነበሩ። አንዲት እናት «የሰው ልጅ ይዘህ ልትጨርስ ነው ወይ?» ብላ በገበያ መሐል ተቆጥታኛለች። አልተቀየምኋትም፤ ድምፅዋ የእናቴ ድምፅ ነበርና።

ባለፈው ጥር ወር ተማሪዎቹ በጀርባቸው ሲንሳፈፉ ቀና ብል፥ እናቴ ከዳር ባለው ሾላ ሥር ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣለች። ከወንድሟ ሞት ወዲህ ከብት ለማጠጣት እንኳ ወደ ወንዝ ወርዳ አታውቅም ነበር። ዝም ብዬ ሥራዬን ቀጠልሁ። ልጆቹ በጀሪካን ከድንጋዩ ላይ እየተለቀቁ ሲጮኹ እጇን አፏ ላይ እንዳደረገች ቆየች። ሁሉም ወጥተው ልብሳቸውን ሲለብሱ ጠራችኝና ጠየቀችኝ።

«ወንድሜ ይህን ቢማር ኖሮ ያን ቀን ይተርፍ ነበር?»

አስተማሪ ነኝና ልዋሻት አልፈለግሁም። የነሐሴን ብር የሚያሸንፍ ዋናተኛ የለም። «አይተርፍም ነበር፤ ቢማር ኖሮ ግን አይገባም ነበር» አልኋት።

ጥቂት ዝም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያም «የእኅትህን ልጅ መቼ ታመጣዋለህ?» አለችኝ።

ውድ አንባቢዎች፤ እናንተም ተማሪዎች ብትሆኑ ወይም አዲስ ተመድባችሁ ወንዝ ወዳለበት አገር የሄዳችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ብትሆኑ፥ ይህን ደስታ እንድትቀምሱት እመኛለሁ። ነገር ግን ብቻችሁን አትግቡ። ውኃው ከደፈረሰ፥ ወይም በላይኛው አገር ዝናብ ካጉረመረመ፥ ዳር ላይ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ጥልቁንና ድንጋዩን የአገሩን ሰው ጠይቁ፤ ዓባይ ከሆነ ስለ አዞውና ስለ ጉማሬው ደግሞ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቀንድ አውጣ ያለበት የተኛ ውኃ ቢልሃርዝያ ያስይዛል፤ እኔ ራሴ ከጣና ተሸክሜው መጥቼ ክኒን ውጬ ድኛለሁና፥ ከገባችሁ በኋላ መመርመርን አትርሱ። ከሁሉ በፊት ግን ያለ ጀሪካን መንሳፈፍን ተማሩ።

እኔም አንድ ቀን ውቅያኖስን አየዋለሁ። ከደመወዜ ላይ በየወሩ ትንሽ ትንሽ አስቀምጣለሁ፤ ወደ ሞምባሳ ይሁን ወደ ሌላ የባሕር ዳር አገር ገና አልወሰንሁም። ጋሼ ዛሬ በሕይወት የሉም። እዚያ ስደርስ ያ ከሩቅ ተሰልፎ ይመጣል ያሉኝን ማዕበል እንደ እርሳቸው ትምህርት መጀመሪያ ከዳር ቆሜ ረጅም ጊዜ እመለከተዋለሁ። እስከዚያው ድረስ በማንኩሳ በኩል የምታልፉ ከሆነና ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል ከሰማችሁ፥ ውረዱ። የኅዳር ወይም የጥር እሑድ ከሆነ ከሾላው ሥር ታገኙናላችሁ፤ ትርፍ ጀሪካን አለን።